ከሎንዶን እስከ ብራይተን፤ የጥንት አውቶሞቢሎች ጉዞ

በእንግሊዝ አገር የኖቬምበር ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ይኸውም በእኛ የጥቅምት መጨረሻ ገደማ፣ ጎሕ ሲቀድ ከሎንዶን ሃይድ ፓርክ ተነሥተው ወደ ብራይተን የባሕር ዳር ከተማ የሚጓዙ የጥንት አውቶሞቢሎች አሉ። መንገዱ 60 ማይል ያህል ነው። ከ1905 በፊት ያልተሠራ አውቶሞቢል አይገባም (ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እኛ ግን ልንጽፍ የወደድነው ይህ ጉዞ ስለሚያስታውሰው ሕግ ነው።

በ1865 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፣ ያለ ፈረስ በሞተር ኀይል የሚሄድ ሁሉ በገጠር መንገድ በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ከ2 ማይል እንዳያልፍ ከለከለ። ፈጠን ያለ እግረኛ ይደርስበታል ማለት ነው! ለአንዱ መኪና 3 ሰዎች ይመደቡ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ቀይ ባንዲራ ይዞ 60 ያርድ ቀድሞ በእግሩ ይሄዳል። ነገሩ ዛሬ ያስቃል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የታሰበው በእንፋሎት የሚሠራው ከባድ ጎታች መኪና ነበር። እርሱ ድልድይ ይጎዳል፣ ፈረስም ያስበረግጋል። ካርል ቤንዝ ባለ ሦስት እግሩን የቤንዚን መኪና ያስመዘገበው በ1886 ነው። ስለዚህ ለበሬ የተጠረበው ቀንበር በፍየል ጫንቃ ላይ ዋለ።

አዲሱ ሕግ ፍጥነቱን ወደ 14 ማይል ከፍ አደረገ፤ ባለሥልጣኖቹ ግን መልሰው ወደ 12 አወረዱት። ሥራ ላይ በዋለበት ቀን፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1896፣ ሃሪ ሎውሰን የሚባል ነጋዴ ባለመኪናዎቹን ሰብስቦ ወደ ብራይተን አስጓዘ። ከመነሣታቸው በፊት በቁርስ ላይ ሎርድ ዊንችልሲ ቀይ ባንዲራ ቀደደ። እውነቱን ለመናገር የባንዲራው ግዴታ በ1878 ቀርቶ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የቆየው ቀድሞ የሚሄደው እግረኛ ነው። ሰው መቅደድ ስለማይቻል ይመስለናል ባንዲራው የተቀደደ።

ይሁን እንጂ መኪናን የፈሩት ሁሉ ተላላ ነበሩ ብለን ልንጽፍ አንደፍርም። ሕጉ በኦገስት 14 በጸደቀ በ3ኛው ቀን፣ ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች ሴት ከልጇ ጋር በሎንዶን ክሪስታል ፓላስ ስትሄድ፣ ለትርኢት ሰው የሚያንሸራሽር መኪና ገጭቶ ገደላት። በእንግሊዝ አገር የቤንዚን መኪና ገጭቶ የገደለው የመጀመሪያው እግረኛ እርሷ ናት። የመርማሪው ሸንጎ ሞቷ ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ፈረደ። ሦስት ወር ሳይሞላ ባለመኪናዎቹ የነጻነት ጉዞ ብለው በደስታ ወጡ፤ በዚያ ቁርስ ላይ ስሟን ያነሣ ይኖር ይሆን?

ጉዞው በ1927 እንደገና ተጀመረ፤ ከ1930 ወዲህ የሚያዘጋጀው የንጉሣዊው አውቶሞቢል ክበብ ነው። እሽቅድምድም አይደለም፤ አማካይ ፍጥነቱ ከ20 ማይል እንዲያልፍ አይፈቀድም። አንደኛና ሁለተኛ የሚባል የለም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በፊት የደረሰ ሁሉ ሜዳልያ ይቀበላል። አንዳንዱ ዳገት ሲገጥመው ተሳፋሪዎቹ ወርደው ይገፋሉ። ሃይድ ፓርክ ላይ ከመነሣታቸው በፊት ዛሬም አንድ ቀይ ባንዲራ ይቀደዳል።