የሁለቱ እናቶች ውል

የታሪክ መጻሕፍታችን የጦር አውድማ ናቸው። ማን ማንን እንደወጋ፣ ማን የማንን ከተማ እንዳቃጠለ፣ ማን በየትኛው ሜዳ እንደወደቀ አንድ በአንድ ይነግሩናል። በጦረኞቹ ጓዳ የኖሩት ሴቶች ግን ቢነሱ እንኳ «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ እናት»፣ አለዚያም በጅምላ «ምርኮኞች» ተብለው ነው። የወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ላይ ከአለቱ ሥር ገብቶ ከታች እንደሚወጣ ሁሉ፣ የእነዚህ ሴቶች ታሪክም በነገሥታቱ ዜና ሥር ውስጥ ለውስጥ ሄዶ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እነሆ ዛሬ ብቅ ካለባቸው ስፍራዎች አንዱን እንቃኝ። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጋብቻ የመንግሥታት ውል ነበር። ንጉሡ ከአንድ በላይ ሚስት ያገባል፤ «የቀኝ በዓልቲሐት» እና «የግራ በዓልቲሐት» የሚባል ማዕረግም ነበር። እቴጌ እሌኒ ከሐድያው ገራድ ተወልደው በዚህ መንገድ ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ኋላም በ1509 ገደማ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ እስከ መላክ የደረሱ ታላቅ ሴት ሆኑ። ዕድል ሁሉ ግን እንደ እሌኒ አልነበረም። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ለአፄ ልብነ ድንግል ስለታጨች አንዲት የሐድያ ንጉሥ ልጅ ጽፏል። ንጉሡ የፊት ጥርሶቿ ትልልቅ ናቸው ብለው ተዉአት። ክርስትና አንስተዋት ስለነበር ወደ አባቷ መመለስ አልተቻለም፤ ለአንድ መኳንንት ተዳረች። እሷ ምን ተሰማት? አልቫሬዝ አልጠየቃትም።

በዚያው ዘመን በምሥራቁ ወገን ባቲ ድል ወንበራ የምትባል ልጅ ታድግ ነበር። ስሟ «ድል ወንበሯ ነው» ማለት ነው። አባቷ የዘይላው ማሕፉዝ በ1517 ከልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ልጅቱም ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ተዳረች፤ ባልዋም በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል አድርገው አገሩን ከዳር እስከ ዳር አንቀጠቀጡት። በ1530ዎቹ መጀመሪያ ባሌም በወዚር አዶሌ አዝማችነት በኢማሙ ጦር እጅ ገባች። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ እንደሚለው፣ ወታደሮቹ ሴት አብራ መዝመቷን ተቃውመው ነበር። ድል ወንበራ ግን ከባላቸው አልተለዩም። ገደል በሆነው ስፍራ በሰው ትከሻ ተሸከሟቸው፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም በዘመቻ ላይ ወለዱ።

የእሳቸው ደስታ የሌላዋ ሐዘን ነበር። በክርስቲያኑ ወገን እቴጌ ሰብለ ወንጌል፣ የልብነ ድንግል ሚስት፣ የበኩር ልጃቸው ፊቅጦር ተገደለባቸው፤ ሌላው ልጃቸው ሚናስም በ1539 ተማረከ። በዓመቱ ባላቸው ደብረ ዳሞ ላይ አረፉ። እቴጌዪቱ በ1541 ከአምባው ወርደው ከፖርቱጋሎቹ ጋር ዘመቱ። የዐይን ምስክሩ ካስታንዮሶ እንደጻፈው ቁስለኞችን ያስታምሙ ነበር። በ1542 ኢማሙ የቱርኮችን ርዳታ ሲሹ፣ ሚናስ ከእጅ መንሻው ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን ተላከ። እናቱ ዳግመኛ አየዋለሁ ብለው ተስፋ አድርገው ይሆን?

የካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ዕጣው ተገለበጠ። ኢማም አሕመድ ወደቁ። ድል ወንበራ አመለጡ፤ ልጃቸው መሐመድ ግን ተማረከ። አሁን ሁለቱ ሴቶች እኩል ሆኑ፤ ሁለቱም ባል የሞተባቸው፣ ሁለቱም ልጃቸው በጠላት እጅ ያለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል። በሰብለ ወንጌልና በድል ወንበራ መካከል መልእክት ተላላከ፤ መሐመድ በሚናስ ተለወጠ። ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ በፈጀው ጦርነት ውስጥ ወንዶቹ ሊስማሙበት ያልቻሉት አገር ሳይከፈል ቀረ፤ ሁለት እናቶች ግን በልጆቻቸው ተስማሙ። ሚናስ ከየመን ተመለሰ፤ በ1559ም ነገሠ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ብናቆመው ውብ ተረት በሆነ ነበር። ታሪክ ግን ተረት አይደለም። ድል ወንበራ ሐረር ገብተው የባላቸውን የእኅት ልጅ፣ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ፤ ጋብቻውም የኢማሙን ደም ከመመለስ ጋር የተያያዘ ነበር ይባላል። መጋቢት 1559፣ በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ አሚር ኑር አፄ ገላውዴዎስን ገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። ገላውዴዎስ የማን ልጅ ነበሩ? የሰብለ ወንጌል። ያን ልውውጥ የተዋዋሉት እናት ሌላ ልጃቸውን ቀበሩ።

እንግዲህ ድል ወንበራን እንፍረድባቸው ይሆን? እኔ አልደፍርም። አባታቸውን ጦርነት በላቸው፤ ባላቸውን ጦርነት በላቸው። የተማሩት ቋንቋ ደም መመለስ ነበር። ይልቅ የሚደንቀኝ፣ በዚያ ቋንቋ ብቻ ያደጉ ሴት አንድ ጊዜ እንኳ በሌላ ቋንቋ መናገራቸው ነው። ሰብለ ወንጌልም ያን ቋንቋ ሰምተው መለሱ።

ስማቸውን የምናውቀው ሁለቱ እንኳ ይህን ያህል ከተሸከሙ፣ ስማቸው ያልተጻፈው ምን ተሸክመው ይሆን? ከሁለቱም ወገን የተማረኩ፣ እንደ ከብት የተከፋፈሉ፣ በማያውቁት ሰው ቤት ቁባት ሆነው ልጅ ያሳደጉ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ልጆቻቸው የማን ወገን ሆኑ? የሁለቱም። ዛሬ በደጋም በቆላም የምንኖር፣ መስቀል ያነገትንም መስጊድ የምንሰግድም፣ የዘር ሐረጋችንን ወደ ኋላ ብንቆጥር ከእነዚያ ስም የለሽ እናቶች አንዷ ዘንድ ሳንደርስ የምንቀር አይመስለኝም።

አሚር ኑር ያስገነቡት የሐረር ጀጎል ዛሬም ቆሟል፤ ጎብኚ ይመላለስበታል። የሁለቱ እናቶች ውል ግን ሐውልትም ግንብም የለውም። ቢያንስ በቃል እናስታውሰው።