አኖሚ

አኖሚ፦ ነባሩ ማኅበራዊ ደንብ ሲላላ፣ አዲሱም ገና ሳይጸና፣ ሰው የሚይዘው የሚጨብጠው የሚያጣበት ሁኔታ ነው። ቃሉን በሶሲዮሎጂ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ስለ ሥራ ክፍፍል፣ በ1897 ደግሞ ራስን ስለ ማጥፋት በጻፋቸው መጻሕፍት ተጠቅሞበታል።

ለጀማሪ ተማሪ ኮሮና ጥሩ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም መጨባበጥንና በብዛት መሰብሰብን ከለከለ። ለቅሶ ቤት የገባው ሰው እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበ፤ አንዱ ክርኑን አቀበለ፣ ሌላው ከሩቅ እጅ ነሣ፣ ሦስተኛው እንደ ቀድሞው አቅፎ አለቀሰ። ቀብር መቅረት ነውር በነበረበት አገር መሄዱም ያስወቅስ ጀመር።

አኖሚን ከሥርዓት አልበኝነት ጋር አታምታቱት። ሥርዓት አልበኛው ደንቡን እያወቀ ይጥሳል፤ እዚህ ግን ደንቡ ራሱ ጠፍቷል። እንግዲህ «ሕዝቡ ደንታ ቢስ ነው» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ የትኛውን ደንብ ይያዝ እንደ ተባለ ጠይቁ።