ወደ ጮቄ ተራሮች እንዴት ይኬዳል? በተራራው ላይስ እንዴት ይዘዋወራል?

ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን የሚገኘው የጮቄ ተራሮች ሰንሰለት ከፍተኛ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃን ጨምሮ ወደ ዓባይ የሚገብሩ በርካታ ወንዞች የሚመነጩት ከዚሁ ተራራ በመሆኑ የውሃ ማማ የሚል ስም አትርፏል። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ተመዝግቧል። ይህ ጽሑፍ ወደ ስፍራው የሚያደርሱ መንገዶችን፣ በተራራው ላይ የሚኖረውን እንቅስቃሴና ተጓዡ ሊያደርግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያስረዳል።

ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስዱ መንገዶች

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ በፍቼ፣ በገብረ ጉራቻና በጎሃ ጽዮን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ወንዙን የሚያሻግረው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ለአገልግሎት በቅቷል። ከድልድዩ በኋላ ወደ ደጀን የሚያወጣው ዳገት ጠመዝማዛና ከባድ መኪና የሚበዛበት ስለሆነ በቀን ማለፍ ይመረጣል። ከደጀን በኋላ በሉማሜ በኩል ደብረ ማርቆስ ይደረሳል።

ከባሕር ዳር የሚነሣ ተጓዥ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል ያልፋል። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ተራራውን በዚያው ዕለት ለመውጣት ከመሞከር ይልቅ ደብረ ማርቆስ አድሮ በማግስቱ ማልዶ ቢነሣ ይሻለዋል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ተራራው

የጮቄ ዋና መግቢያ የሲናን ወረዳ ማዕከል የሆነችው ረቡዕ ገበያ ናት። ከደብረ ማርቆስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ከረቡዕ ገበያ ወደ ላይ ቀጥሎ ተራራውን ካቋረጠ በኋላ ወደ ቢቡኝ ወረዳዋ ድጎ ጽዮን ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ሞጣ ያመራል። በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ሰው መናኸሪያው በጠዋት መገኘት አለበት። በገበያ ቀን ተሽከርካሪ ይበዛል፤ በሌላ ቀን ግን የመመለሻ መኪና ከሰዓት በኋላ ላይገኝ ስለሚችል የመጨረሻው መኪና የሚነሣበትን ሰዓት አስቀድሞ ከረዳቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። በራሱ መኪና የሚወጣ ሰው ከፍ ያለና ጉልበት ያለው መኪና ቢይዝ፣ ነዳጁንም ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሞላ ይመከራል።

በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት መንገዶች በድንገት የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የመናኸሪያ ሠራተኞችንና የአካባቢውን ነዋሪ ስለ ዕለቱ ሁኔታ መጠየቅ የመጀመሪያው የጉዞ ዝግጅት ሊሆን ይገባል።

በተራራው ላይ መዘዋወር

በጃፓን የናጋኖ ግዛት የሃኩባን የበረዶ ሸርተቴ ስፍራ የሚጎበኝ ሰው ከቶኪዮ በፈጣን ባቡር፣ ቀጥሎም በአውቶቡስ ይደርሳል፤ ተራራውን የሚወጣውም በገመድ በሚሳብ ወንበር ነው። ጮቄ ላይ ገመድም ወንበርም የለም። መጓጓዣው እግር፣ ፈረስና በቅሎ ነው። ሆኖም ሁለቱን ስፍራዎች የሚያመሳስል ነገር አለ፤ ሃኩባም በእንግዳ ማረፊያነቱ የታወቀው አርሶ አደሮቹ የገዛ ቤታቸውን ለተራራ ወጪዎችና ለሸርተቴ ተጫዋቾች በመክፈታቸው ነው። ጮቄ ላይም ፈረሱን የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራውና ማደሪያ የሚሰጠው የአካባቢው አርሶ አደር ሲሆን የጉዞው ገንዘብ ተራራውን ለሚጠብቀው ሰው ይደርሳል። ዋጋውን ግን ከመነሣት በፊት ተነጋግሮ መስማማት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ተጓዡ የደረሰበትን ከፍታ ከዕፅዋቱ መገመት ይችላል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጤፍና ስንዴ ይታያል። ከፍ ሲል ገብስና ድንች፣ እንዲሁም ቀርቀሃ ይተካሉ። ከዚያ በላይ አስታ፣ ጓሳና ጅብራ ይበዛሉ። ጅብራ የሚታይበት ቦታ ከደረሱ አየሩ መሳሳቱ ይሰማል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከከተማው ተነሥቶ ጫፍ የሚደርስ ሰው በአንድ ቀን ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር የገጠመው ሰው ማረፍ፣ ካልተሻለውም ሳይዘገይ ወደ ታች መውረድ ይኖርበታል።

የጉዞ ወቅትና ጥንቃቄ

ለጉዞ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱና ንጋቱ ውርጭ ስለሚሆን ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት፣ ኮፍያና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋሉ። በክረምት ጭቃው መኪና ይይዛል፣ ጉሙ መንገድ ይሰውራል፣ በረዶም በድንገት ይወርዳል። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ወደ መንደር መመለስ ይገባል።

ጮቄ ሰው የሚኖርበት፣ የሚታረስና ከብት የሚሰማራበት ተራራ ነው። ስለዚህ በማሳ ውስጥ ማቋረጥ፣ በተለይም ገብስ ባልታጨደበት ጊዜ፣ የአርሶ አደሩን የዓመት ልፋት መርገጥ ነው። ወደ ግቢ ከመግባት በፊት ከሩቅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት ከባህሉም ይስማማል፤ ከውሻም ያድናል። ሰውን ፎቶ ከማንሣት በፊትም ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እርሻ ወደ ተራራው ጫፍ እየወጣ በመሄዱ ጓሳውና አስታው የሚሸፍነው መሬት ተመናምኗል፤ አፈሩም በጎርፍ እየታጠበ ነው። ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጭ የሚለቀው ይህ ሽፋን ነው። በመሆኑም ለማገዶ አስታ መቁረጥ፣ ጅብራን መገንደስና ፕላስቲክ ጥሎ መሄድ ጉዳቱ በጫፉ ላይ ብቻ አይቀርም። በምንጩ ላይ የተጣለው ቆሻሻ ከታች ውሃ ለሚቀዳው አርሶ አደርና ለከተማው ነዋሪ ይደርሳል። ከተራራው ፈረስ ተከራይቶ፣ ድንችና ማር ገዝቶ፣ ቆሻሻውን በከረጢቱ ይዞ የሚወርድ ተጓዥ ግን ጓሳው ሳይታረስ ለአርሶ አደሩ ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችል ያሳያል።