የጉልበት ካርቲሌጅን በሕመምተኛው ሕዋስ የመጠገን ታሪክ

የአዴት ገበሬ ጉልበት ዕረፍት አያውቅም። ጤፍ ሲያርም ይንበረከካል፤ ሲያጭድ ያጎነብሳል፤ ሲጸልይ ይሰግዳል፤ ገበያ ሲወጣም ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ይጓዛል። ይህን ሁሉ ጫና ተሸክሞ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚጠብቀው የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍረው ካርቲሌጅ ነው።

ዊልያም ሐንተር የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1743 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ አንዴ የተጎዳ ካርቲሌጅ እንደማይድን አስገንዝቦ ነበር። ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፤ ሕዋሳቱም ጥቂት ከመሆናቸው በላይ ወደ ቁስሉ ሊጓዙ አይችሉም። በ20ኛው ምእተ ዓመት ቀዶ ሐኪሞች ከሥሩ ያለውን አጥንት እየበሱ መቅኔ ወደ ቁስሉ እንዲፈስ ማድረግ ጀመሩ። በዚህ መንገድ የሚበቅለው ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ጥንካሬው ያነሰ፣ ጭረታማ ካርቲሌጅ ነበር።

ስዊድናዊው ላርስ ፒተርሰንና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ፈለጉ። ዘዴው በጥንቸል ጉልበት ላይ ከተሞከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 በጎተንበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተሠራ። ጫና ከማይበዛበት የጉልበት ክፍል ቁራጭ ካርቲሌጅ ይወሰዳል፤ ሕዋሳቱ በኤንዛይም ተለይተው በላቦራቶሪ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይራባሉ፤ በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ቁስሉ በስስ የአጥንት ልባስ ተሸፍኖ ሕዋሳቱ ከሥሩ ይጨመራሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የ23 ሕመምተኞች ውጤት ታተመ። ቁስላቸው በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ከነበረው 16 ሰዎች 14ቱ መልካም ውጤት ሲያገኙ፣ በጉልበት ሎሚ ላይ ከነበረው 7 ሰዎች ግን ይህን ያገኙት 2 ብቻ ነበሩ።

የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት ሕክምናውን እ.ኤ.አ. በ1997 ፈቀደ፤ ሕዋሳቱ በኮላጅን ጨርቅ ላይ የሚራቡበትን አዲሱን ዓይነት ደግሞ በ2016 አጸደቀ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው፣ 80 ሕመምተኞችን በዕጣ የከፈለው የኖርዌይ ጥናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕዋስ ከመትከሉ ይልቅ አጥንት መብሳቱ የከፋ ሆኖ አላገኘውም።

ሕክምናው የሚረዳው ውስን ቁስል ያለበትን ወጣት ጉልበት ነው፤ በዕድሜ ያለቀውን ጉልበት አይመልስም። ለገጠር ጤና ባለሙያ የታሪኩ ትምህርት ሌላ ነው፤ በዓለም ላይ ባለው እጅግ ውድ ዘዴ እንኳ በሙሉ የማይተካውን ካርቲሌጅ ቀድሞ ማዳን ይቻላል። ትኩሳት ያለበትና ጉልበቱ አብጦ የሚያቃጥለው ሕፃን ወይም ጎልማሳ በመገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ መግል ደግሞ ካርቲሌጅን በቀናት ውስጥ ያጠፋል። ይህ ሰው ለማሻሸት ወደ ወጌሻ ሊሄድ አይገባም። ፈሳሹ ተቀድቶ እንዲመረመር፣ አንቲባዮቲክ እንዲጀመርለትና መገጣጠሚያው በቀዶ ሕክምና እንዲታጠብለት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ጉልበቱ ተጠምዞ ያበጠና አልታጠፍ፣ አልዘረጋ ያለውም ሰው በማስታገሻ ብቻ ሊሸኝ አይገባውም።