ጀበናና ሸክላ ሠሪዋ

ጎረቤት ቡና ሲጠራራ የሸንጎው ማዕከል ጀበና ነው። ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ጋደም ብሎ እስኪሰክን ድረስ ጨዋታው ይሞቃል፤ የታመመው ይጠየቃል፤ የተቀያየመው ይታረቃል፤ የዕቁቡ ሒሳብ ይነሣል። ስለ ቡናው ሥርዓት ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተዘፍኗል። ዕቃውን ያሰበው አእምሮና ያበጀው እጅ ግን ከታሪክ ጸሐፊ ብዕር ርቆ ኖሯል።

ጀበና የታሰበበት ቅርጽ ነው። ድቡልቡል ሆዱ እሳቱን ከሥርም ከጎንም ይቀበላል። ቀጭን አንገቱ እንፋሎቱንና መዓዛውን አምቆ ይይዛል፤ ቡናው ሽቅብ ሲገነፍልም ለምታፈላው ሴት ቀድሞ ይነግራታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው የአተላው ነገር ነው። ጀበናው ሲቀዳ አተላው ከሆዱ ሥር ስለሚቀር፣ ውኃ ብቻ እየተጨመረበት አቦሉን ቶና፣ ቶናውን በረካ ይከተለዋል። አንድ እፍኝ ቡና ለቤት ሙሉ እንግዳ ሦስት ጊዜ የሚዳረሰው በዚህ ብልሃት ነው። ከጉልቻም ከከሰል ምድጃም ይስማማል፤ በአንድ እጅ ተይዞም ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በአንዳንድ አካባቢ ከሆዱ መቅጃ ይወጣለታል፤ በሌላው በአንገቱ ብቻ ይቀዳና አፉ በጭረት ይወተፋል።

ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት ናት፤ ያውም ያለ መሽከርከሪያ። ጭቃውን ከተፈጨ የሸክላ ስባሪ ጋር ትለውሳለች፤ ሆዱን በእጇ እያዞረች ታወጣለች፤ ጠንከር ሲል አንገቱን ትቀጥላለች፤ በድንጋይ አልስልሳ፣ አድርቃ፣ በኩበትና በእንጨት ትተኩሰዋለች። በአንድ ያልታሰበ ንፋስ የሳምንት ድካሟ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተረፈውን አዝላ ገበያ ታወርዳለች።

ገበያው ጀበናውን ሲወስድ ሠሪዋን ይሸሻል። በጎንደር ዙሪያ ሸክላውን በብዛት ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ። ማኅበረሰቡ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ርስቱን እንደተነጠቀ ይተረካል። መሬት የሌለው ወገን በእሳትና በጭቃ ሥራ ኖረ፤ ባለ ርስቱም ያንኑ ሥራ የቡዳነት ምልክት አደረገው። በእርግጥ ቤተ እስራኤል ራሳቸውም በሃይማኖታቸው የንጽሕና ሕግ ከሌላው ይርቁ ነበር፤ ነገር ግን በሕግ መራቅና በስድብ መገለል አንድ አይደሉም። በጀበናዋ ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው ሠሪዋን ከዚያ ክብ አያስገባትም ነበር። ከዚህ የባሰ ምጸት የትኛውም ተውኔት ጸሐፊ አይፈጥርም።

በክርስቲያኑ ሰሜን ቡና ራሱ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ በብዙ ቤት ነውር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነውሩ ከመጠጡ ላይ ተነሣ፤ ከሸክላ ሠሪዋ ላይ ግን አልተነሣም። ንጉሡ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ራሱ ለሚያርስ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ መሬት ይገባዋል አለ። ሁለቱም ታላላቅ ቃሎች ናቸው፤ ሐሜቱ ግን በአዋጅ አይሻርም፤ በየምድጃው ዳር ነበርና የሚኖረው።

ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ወገኖች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው ወለቃ የሸክላው ሥራ በሌሎች ሴቶች እጅ ቀጠለ፤ በአዲስ አበባም የቀጨኔ ሴቶች ዛሬም ይተኩሳሉ። በቅርብ ዓመታት የኤሌክትሪክ ጀበና ብቅ ብሏል፤ ሆዱና አንገቱ ከጭቃው የተቀዱ ናቸው። በእስራኤል የሚኖሩ የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጆች ደግሞ ቡና ሲያፈሉ ከኢትዮጵያ የመጣ ጀበና ገዝተው ያሟሻሉ።