በራሱ የሚሞላ የእጅ ሰዓት እንዴት ሊሳሳ ቻለ?

መካኒካዊ የእጅ ሰዓት ኃይሉን የሚያገኘው በውስጡ ከተጠቀለለ የብረት ሞላ ነው። ሞላው ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሶቹን ያዞራል፤ ጥርሶቹም ቆጣሪዎቹን ያንቀሳቅሳሉ። አውቶማቲክ በሚባለው ሰዓት ደግሞ የክንድ እንቅስቃሴ የሚያዞረው ክብደት፣ ማለትም ሮተር፣ ሞላውን መልሶ ያጠብቀዋል። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ሳይታሰር ከሰነበተ ግን ይቆማል።

በራሱ የሚሞላ የኪስ ሰዓት በ1770ዎቹ በመሥራት ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ስዊዘርላንዳዊው አብርሃም ሉዊ ፔርሌ ነው። ለእጅ ሰዓት የሚሆነውን ስልት የፈጠረው ግን እንግሊዛዊው ጆን ሃርዉድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1924 በስዊዘርላንድ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል። የእርሱ ክብደት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ እንጂ ሙሉ ዙር አይዞርም ነበር። በ1931 ሮሌክስ ሙሉ ዙር የሚዞር ሮተር ይዞ ቀረበ።

ሆኖም ሮተሩ ከሌሎቹ ክፍሎች በላይ ስለሚደረብ ሰዓቱን አወፈረው። ቢያሳንሱት ክብደቱ ይቀንሳል፤ ክብደቱ ከቀነሰ ደግሞ ሞላውን የማጥበቅ አቅሙ ይደክማል። የሰዓት ሠሪዎች ዋነኛ ፈተናም ይኸው ነበር።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ቡረን እና ዩኒቨርሳል ዠኔቭ የተሰኙ የስዊዘርላንድ ኩባንያዎች ትንሽ ሮተር ሠርተው፣ ከላይ በመደረብ ፈንታ ከጥርሶቹ ጎን አስቀመጡት። በ1960 ፒያዤ በዚሁ ስልት ውፍረቱ 2.3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ማሽን አወጣ። የሮተሩን ማነስ ያካካሰው በወርቅ መሠራቱ ነው፤ ወርቅ በተመሳሳይ መጠን ከብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳልና።

ዤዤ ለኩልትር በ1967 ሌላ መንገድ መረጠ። ሙሉውን ሮተር ሳያሳንስ ጠርዙን በሩቢ ተሽከርካሪዎች ላይ በማሳረፍ ውፍረቱን በ2.45 ሚሊ ሜትር ወሰነው። ቡልጋሪ በ2017 በትንሽ የፕላቲነም ሮተር 2.23 ሚሊ ሜትር ላይ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት ፒያዤ ሮተሩን በማሽኑ ዙሪያ እንደ ቀለበት አዙሮ፣ የማሽኑን መሠረት ከሰዓቱ ቀፎ ጋር አንድ በማድረግ የሙሉ ሰዓቱን ውፍረት 4.3 ሚሊ ሜትር አደረሰው።

መሳሳት ዋጋ አለው። በክፍሎቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ስለሚጠብ ጥቂት አቧራ ወይም የቀፎው መጣመም እንኳ ሰዓቱን ሊያቆመው ይችላል፤ ጥገናውም የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። በሥራ ላይ ለሚውል ክንድ ወፈር ያለው ሰዓት የተሻለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።