በቤትዎ ያከማቹት ሙዚቃ ከኮምፒውተርዎ አልከፈት ሲል ምን ያደርጋሉ?

እአአ በየካቲት 2024፣ በጦርነት ውስጥ በምትገኘው ሱዳን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተቋርጦ ነበር። ከካርቱም ደቡብ ምሥራቅ፣ ከኢትዮጵያ በሚወርደው የዓባይ ወንዝ ዳርቻ ከምትገኘው ሶባ አንስቶ እስከ ኦምዱርማን፣ ሙዚቃን ከዩቲዩብ ብቻ ለሚያደምጥ ሰው መስመሩ ሲቋረጥ ዜማውም አብሮ ይቋረጣል።

የቤት ውስጥ የሙዚቃ ሰርቨር ግን ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ኤሌክትሪክና ራውተር ይበቁታል። ሰርቨሩ አሮጌ ኮምፒውተር፣ እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ አነስተኛ መሣሪያ፣ አሊያም እንደ ሲኖሎጂ ያሉ አምራቾች የሚሸጡት የማከማቻ ሣጥን ሊሆን ይችላል። ከካሴት የተገለበጡት የጥላሁን ገሠሠና የመሐመድ ዋርዲ ዘፈኖች ቢጠፉ ከሌላ ሰው ይገኙ ይሆናል። የቤተሰብ ሠርግ ቅጂ ወይም የአያት ድምፅ ግን ምትክ የለውም። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን “መግባት አልተፈቀደልዎትም” ሲል ብዙዎች የሚደነግጡትም ለዚህ ነው።

ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያ ዘፈኑን ከስልክዎ ወይም ከሰርቨሩ ጋር ከተገናኘው ድምፅ ማጉያ ለመክፈት ይሞክሩ። የሙዚቃ ማጫወቻው ፕሮግራም የራሱ መንገድ ስላለው፣ ኮምፒውተሩ ፋይል ከሚጋራበት መንገድ ጋር አንድ አይደለም። ዘፈኑ በስልክ ከተሰማ ዲስኩ በሕይወት አለ፤ የተዘጋው የኮምፒውተሩ በር ብቻ ነው።

በሩን ማን ዘጋው?

ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራው “ኤስኤምቢ” በሚባል የመግባቢያ ሥርዓት ነው። እአአ በግንቦት 2017 “ዋናክራይ” የተሰኘው ቫይረስ በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያ ትውልድ ላይ በነበረ ክፍተት ሾልኮ፣ የብሪታኒያን የጤና አገልግሎት ጨምሮ በ150 ገደማ አገራት የሚገኙ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ትውልድ በአዲስ ዊንዶውስ 10 ላይ መጫን አቆመ። በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሳምባም እአአ በ2019 ተከተለ። በመሆኑም አሮጌውን ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሣጥንና አዲስ ኮምፒውተር መነጋገር አልቻሉም።

መፍትሔው የሰርቨሩን ሶፍትዌር ማሻሻልና በቅንብሩ ውስጥ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ትውልድ መምረጥ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ አሮጌውን ሥርዓት መልሶ መክፈት ይቻላል፤ ብዙዎች የሚመክሩትም ይህንኑ አቋራጭ ነው። ነገር ግን ሣጥኑ ፈጽሞ የማይሻሻል ከሆነ ሙዚቃውን ገልብጦ ለማውጣት ብቻ ቢያደርጉት፣ ወዲያውም ቢዘጉት ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ያለይለፍ ቃል፣ በ“እንግዳ” ስም መግባት ነው። እአአ በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ በ“ፕሮ” ዕትሙ ይህንን ከልክሏል። ሰርቨሩ ላይ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያውጡ፤ ለዚያ ተጠቃሚም የሙዚቃውን አቃፊ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ይስጡ። ሳምባ የራሱ የይለፍ ቃል መዝገብ እንዳለው ግን አይዘንጉ። የሊኑክሱን የይለፍ ቃል አስገብተው ለሰዓታት የሚታገሉ ጥቂት አይደሉም። ዊንዶውስ ቀድሞ የተሳሳተ ቃል ይዞ ከሆነም፣ በ“ኮንትሮል ፓነል” ውስጥ ካለው “ክሬደንሻል ማናጀር” ያጥፉትና እንደገና ይግቡ።

ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ

መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች ሌላ ችግርም ያጋጥማል። ራውተሩ ተነሥቶ ለሰርቨሩ አዲስ የአድራሻ ቁጥር ይሰጠውና ኮምፒውተሩ በቀድሞው ሲፈልገው “መንገዱ አልተገኘም” ይላል። የአሁኑን ቁጥር ከራውተሩ ገጽ ይመልከቱና በፋይል ማሰሻው የአድራሻ መስመር ላይ፣ ለምሳሌ \\192.168.1.20 ብለው ይጻፉ። ከተከፈተ ችግሩ የስም ወይም የአድራሻ ብቻ ነበር። ቁጥሩ እንዳይለዋወጥ ራውተሩ ላይ ለሰርቨሩ በቋሚነት ያስይዙት።

ኮምፒውተሩ የቤትዎን መረብ “የሕዝብ” ብሎ መዝግቦት እንደሆነም ይዩ፤ “የግል” መሆን አለበት። ለእንግዶች የተከፈተ ዋይፋይ ላይ ከሆኑም ሰርቨሩ ላይታይዎት ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት

አንዳንዶች ተስፋ ቆርጠው ዲስኩን ከሣጥኑ አውጥተው በቀጥታ ዊንዶውስ ላይ ይሰኩታል። የአብዛኞቹ ሰርቨሮች ዲስክ በሊኑክስ አሠራር የተዘጋጀ በመሆኑ ዊንዶውስ ሊያነበው አይችልም፤ ዲስኩን ለመጠቀም “ፎርማት” ማድረግ እንደሚያስፈልግም ይነግርዎታል። እሺ ካሉ ሙዚቃው ይጠፋል። ጥያቄውን ሰርዘው ዲስኩን ይንቀሉ። ከዚያም ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱትና ማንኛውንም ጥገና ከመጀመርዎ በፊት ሙዚቃውን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።